የመኪና ራዲዮ ለወሎ መንገድ፦ ቪኤችኤፍ፣ ኮዳን ወይስ ከጦር ሠራዊት የተረፈ?

ሻጭ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ዋት ነው፤ «ይሄኛው 25፣ ያኛው 50፣ ኮዳኑ 125»። ዋጋውም በዚያው ልክ ይደረደራል። ወሎ ውስጥ ለሚሠራ መኪና ግን ዋቱ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው መኪናው የት ይውላል፣ የት ያድራል፣ ከማን ጋር ይነጋገራል የሚለው ነው። ደሴ ጦሳና አዝዋ ገደል መሀል ገብታ ነው የተቀመጠችው። ኮምቦልቻ ሐረጎን ተወርዶ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ከደላንታ ወደ ተንታ ልሻገር ያለ በሽሎን ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ራያ ቆቦ ሜዳ ነው፤ ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ የሚወስደው ደግሞ በረሃ። አንድ ራዲዮ ይህን ሁሉ እኩል አይሸፍንም። ይሸፍናል ያላችሁ ሰው ወይ መንገዱን አያውቀውም ወይ ዕቃው እንዲሄድለት ቸኩሏል።

ንጽጽሩ ለአምቡላንስ፣ ለእርዳታ ድርጅት፣ ለመንገድ ተቋራጭና ለጭነት ማኅበር ለሚገዙ ሰዎች የታሰበ ነው። ከመደበኛዎቹ ከቪኤችኤፍና ከኤችኤፍ (በተለምዶ ኮዳን ከሚባለው) ጎን ለጎን ከጦር ሠራዊት የተረፉ የተሽከርካሪ ራዲዮዎችንም እናነሣለን፤ በኢንተርኔት ገበያ ርካሽ መስለው ስለሚቀርቡና «ጦር የተጠቀመበት አይሰበርም» እየተባለ ስለሚፈለጉ።

ቪኤችኤፍ፦ የምትገዙት ራዲዮ ሳይሆን ተራራ ነው

የመኪና ቪኤችኤፍ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ አንቴና ከአንቴና መተያየት አለበት። ርቀቱን ለመገመት ቀላል ስሌት አለ፤ የእያንዳንዱን አንቴና ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ ሁለቱን ደምራችሁ በ4.12 አባዙ። ውጤቱ በኪሎ ሜትር ነው። 2 ሜትር ከፍታ ላይ አንቴና ያላቸው ሁለት መኪናዎች ሜዳ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነጋገራሉ። ቆቦ ሜዳ ላይ ይህ ያስኬዳል። ሐረጎ ላይ ግን አንድ ኩርባ ዞራችሁ ጋራው መሀል ከገባ 3 ኪሎ ሜትርም ሊበዛ ይችላል።

አሁን ሪፒተር (የአንዱን መኪና ድምፅ ተቀብሎ ለሌሎቹ መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) ከመንገዱ 500 ሜትር ከፍ ያለ ጫፍ ላይ አስቡት። ስሌቱ ከ95 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰጣል። በመሀል ሌላ ጋራ ካልቆመ ማለት ነው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቆማል። ቢሆንም ልዩነቱ ግልጽ ነው። የራዲዮውን ኃይል ከ25 ወደ 50 ዋት ማሳደግ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ጆሮ እምብዛም አይለየውም። ባጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ባለ 25 ዋቱን ግዙና የተረፈውን ለሪፒተርና ለአንቴና አውሉት። ሪፒተር ማቆም ካልቻላችሁና መኪናዎቻችሁ ከከተማ የሚወጡ ከሆነ ቪኤችኤፍ ብቻውን አይበቃችሁም። ይህን ሻጭ አይነግራችሁም።

ለሪፒተሩ የሚያስፈልገውን ኃይል ከአሁኑ አስሉ። 40 ዋት የሚያስተላልፍ ሪፒተር ሲናገር 10 አምፒር ገደማ፣ ሲያዳምጥ ከ1 አምፒር በታች ይወስዳል። ከቀኑ ሩቡን ያስተላልፋል ብንል በቀን 70 አምፒር ሰዓት ያህል ነው። ሦስት ቀን ያለ ፀሐይ እንዲቆይና ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ከተፈለገ 420 አምፒር ሰዓት ገደማ ባትሪ ያስፈልጋል። ፓነሉ በበጋ 260 ዋት ቢበቃው እንኳ ሐምሌና ነሐሴ ጫፉን ጉም ስለሚሸፍነው 500 ዋት አድርጉት። ነሐሴ ላይ የሚሞቱት ሪፒተሮች አብዛኞቹ በበጋ ስሌት የተገዙ ናቸው። የመብረቅ መከላከያ ኬብሉ ቤት በሚገባበት ቦታ ይታሰራል፣ የመሬት ሽቦው ተቃውሞም ከ10 ኦም በታች መውረድ አለበት፤ ድንጋያማ ጫፍ ላይ አንድ ዘንግ ይህን ስለማይሰጥ ብዙ ዘንግ አራርቆ ቀብሮ ማገናኘት ግድ ነው። ጠባቂ ያለው ነባር ማማ ላይ ቦታ መከራየት ከተቻለ አዲስ ከማቆም ይሻላል፤ ፓነልና ባትሪ ጠባቂ በሌለበት ጋራ ላይ አይከርምም።

ዲጂታል ወይስ አናሎግ? የሞቶሮላ ዲኤም4600 ተከታታይና የሃይቴራ ኤምዲ785 ሁለቱም ዲኤምአር (አንድ የዲጂታል ራዲዮ ደረጃ) ናቸው፤ ሁለቱም አናሎግም ይሠራሉ። ዲኤምአር አንዱን 12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል በጊዜ ለሁለት ስለሚከፍለው በአንድ ሪፒተር ሁለት ንግግር በአንድ ጊዜ ይሄዳል። አምቡላንስና ሎጂስቲክስ እየተጠላለፉ ለሚቸገሩ ድርጅቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአይኮም አይዳስ ግን ሌላ የዲጂታል ቋንቋ ነው፤ ከዲኤምአር ጋር የሚግባባው በአናሎግ ብቻ ነው። ግማሹን ከአንዱ ግማሹን ከሌላው የገዛ ድርጅት ዲጂታሉን ዘግቶ ወደ አናሎግ ይመለሳል፣ ከፍሎበት።

ዲጂታል ድምፅ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይሰማና ድንገት ይቆረጣል። አናሎግ እየሻከረ፣ እየሻከረ ነው የሚሄደው፤ ሹፌሩ ሹክሹክታው ሲበዛ ጉብታ ላይ ቆሞ መጥራት እንዳለበት ይገባዋል። ስለዚህ ሪፒተር ካላችሁና መኪናዎቻችሁ ብዙ ከሆኑ ዲኤምአር፤ ከአምስት መኪና በታች ሆናችሁ ያለ ሪፒተር የምትሠሩ ከሆነ አናሎግ ይሻላችኋል።

ዩኤችኤፍ ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ነው። አንቴናው 16 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ግቢና ሕንፃ ውስጥ ጥሩ ይሠራል፣ ከጋራ ጀርባ ግን ጥላው ከቪኤችኤፍ የባሰ ነው። ለሆቴል፣ ለፋብሪካና ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግቢ ይሁን፤ ለመንገድ አይሁን።

አንቴናውን በተመለከተ ለ150 ሜጋኸርዝ የሩብ ሞገድ ዘንግ ከ47 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ጣሪያው መሀል ላይ ሲቆም የመኪናው ቆርቆሮ እንደ መስተዋት ያገለግለዋል። ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ላይ ትልቁ ስህተት አንቴናውን ከፖርቶመጋላው ብረት መሀል መትከል ነው፤ ጆንያና ጀሪካን ሲጫን ይደፈናል። ፖርቶመጋላው የፊት ጫፍ ላይ ጠንካራ ብረት በይዳችሁ ከዕቃው በላይ አድርጉት፣ የብረቱም መሬት (ግራውንድ) ከቦዲው ጋር በሽቦ ይታሰር። ማግኔት አንቴና ለጊዜው ይሠራል፤ ኬብሉን በር እየጨፈለቀው በወራት ውስጥ ይሞታል። አርጂ-58 ኬብል 5 ሜትር ላይ አንድ ዴሲቤል ገደማ ይበላል፣ ይህም ከኃይሉ አንድ አምስተኛው ነው፤ ስለዚህ ትርፉን ጠቅልላችሁ ከመቀመጫ ሥር አታስቀምጡ፣ ቁረጡት። ስታኞ ያልገባበት ፒኤል-259 ማያያዣ በመንገድ ንዝረት ይላቀቃል። ሲጨርሱ በኤስደብልዩአር መለኪያ (ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል በሚያሳየው) ይለካ፤ ከ1.5 በታች ጥሩ፣ 3 ከደረሰ ከኃይሉ ሩቡ ወደ ራዲዮው እየተመለሰ ነው።

ኤችኤፍ፦ ሰው ሁሉ «ኮዳን» የሚለው

ኮዳን የአውስትራሊያ አምራች ስም ነው፤ እዚህ ግን ማንኛውም ኤችኤፍ ኮዳን ይባላል። ሌላው ታዋቂ አምራች ባሬትም አውስትራሊያዊ ነው። ኮዳን ኤንቮይና ባሬት 2050 ሁለቱም በድምፅ ጫፍ 125 ዋት ይሰጣሉ፣ ሁለቱም በቁጥር የሚጠራ ሴልኮል አላቸው፣ ሁለቱም ጂፒኤስ ከተገጠመላቸው ቦታቸውን መላክ ይችላሉ። መሠረታዊው ሴልኮል በአንድ ደረጃ ላይ ስለተመሠረተ በሁለቱ መካከል ያልፋል፤ መልእክትና የቦታ ጥያቄ የመሳሰሉት ግን ሁልጊዜ አይግባቡም። የቤዝ (የቢሮ) ራዲዮአችሁ ባሬት ከሆነ ባሬት፣ ኮዳን ከሆነ ኮዳን ግዙ። አዲስ የሚጀምር ደግሞ መለዋወጫና ፕሮግራም የሚያደርግ ሰው የቱ ዘንድ ቅርብ እንዳለ ጠይቆ ይወስን። በድምፁ ጥራት መካከል ዋጋ የሚያስለውጥ ልዩነት የለም።

ኤችኤፍ ጋራውን የሚያልፈው ወደ ላይ ስለሚሄድ ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ አየኖስፌር (በላይኛው ከባቢ አየር ያለ፣ ሞገድ የሚመልስ ንብርብር) ላይ ተነጥሮ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ባለው ክብ ውስጥ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በሽሎ ግርጌ ያለ መኪና፣ ሳይንት ያለ ጤና ጣቢያና ደሴ ያለ ቤዝ እኩል ይደርሳቸዋል፤ ጋራው አያግደውም። አዲስ አበባም ከደሴ በመንገድ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብትሆንም በቀጥታ መስመር 250 ገደማ ስለሆነች ክቡ ውስጥ ትገባለች።

ይህ የሚሆነው ግን ሁለት ነገር ሲስተካከል ነው። አንደኛው ፍሪኩዌንሲ ነው። ቀን ከ6 እስከ 9 ሜጋኸርዝ፣ ሌሊት ከ3 እስከ 4.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። ኢትዮጵያ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀን ላይ ከአውሮፓ መመሪያዎች ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ይቀበላል። ቀን ላይ 3 ሜጋኸርዝ ቢሞከር ታችኛው የአየኖስፌር ንብርብር ይውጠዋል፤ ሌሊት 8 ሜጋኸርዝ ቢሞከር ተነጥሮ ሩቅ ይወድቃል፣ ሱዳን ትሰማለች፣ ከሚሴ አትሰማም። ፈቃድ ስትጠይቁ ቢያንስ ሦስት ፍሪኩዌንሲ ጠይቁ፤ አንድ የቀን፣ አንድ የሌሊት፣ አንድ 5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለንጋትና ለማታ። አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ያለው ድርጅት ግማሹን ቀን ራዲዮ የለውም።

ሁለተኛው የአንቴናው አቀማመጥ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይሰድም፤ ራስ ላይ ያለው ሰማይ ለእሱ ዕውር ነው። በመሬት ሞገድ ሜዳ ላይ 30 እና 40 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዝምታ ነው፣ በጣም ሩቅ ያለው ደግሞ ይሰማል። «ኮዳኑ ናዝሬትን ያገኛል፣ ደሴን አያገኝም» የሚለው ብዙ የሚሰማ እሮሮ ከዚሁ ይመጣል። መፍትሔው ዘንጉን በናይሎን ገመድ ወደ ኋላ ጎትቶ ከጣሪያው ጋር ትይዩ እስኪሆን ማጠፍ ነው። ገመዱ ሽቦ መሆን የለበትም። ጫፉም ከማንኛውም ብረት ይራቅ፤ ሲያስተላልፉ ጫፉ ላይ ያለው ቮልቴጅ እጅ ያቃጥላል።

የመኪና ዘንግ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ደካማ ነው፤ በ3 ሜጋኸርዝ የሩብ ሞገድ 25 ሜትር ሲሆን ዘንጉ 3 ሜትር አይሞላም። ከ125 ዋቱ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ቆሞ የሚያድር መኪና የሽቦ ዳይፖል ይያዝ። ርዝመቱን ለማግኘት 143ን ለሜጋኸርዙ አካፍሉ፤ ለ7 ሜጋኸርዝ 20.4 ሜትር፣ ለ5 ሜጋኸርዝ 28.6 ሜትር። ሽቦውን ለሁለት ከፍላችሁ መሀሉ ላይ ኬብሉን አስገቡና በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ከ3 እስከ 6 ሜትር ከፍታ ላይ ወጥሩት። ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል የሚለው ለዚህ ሥራ አይሠራም። ከዘንጉ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል፣ ዋጋው ደግሞ ከሁሉም በታች ነው።

የሚገጥመው ሰው የሚያበላሸው በአብዛኛው መሬቱን ነው። ራሱን የሚያስተካክለው ዘንግ (ኮዳን 9350 ወይም የባሬቱ ተመሳሳይ) ከፊት ፓራውልት ላይ ወፍራም ብረት ሳህን ላይ ይታሰራል። ቀጭን ቆርቆሮ ላይ የታሰረ ወገል ጤና ሳይደርስ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ሰፊ የተጠለፈ የመዳብ ሽቦ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርዝመት፣ ከሻንሲው ጋር ይያያዛል። የሚገናኝበት ቦታ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት፤ ብሎኑና ዳዶው ከተጠበቁ በኋላ ግሪስ ይቀባ። ኮፈኑ፣ በሮቹና የጭስ ማውጫው ቱቦም በተመሳሳይ ሽቦ ከሻንሲው ጋር ቢያያዙ ድምፁ ይጸዳል።

የኃይል ሽቦው ሌላው ነው። ኤችኤፍ በድምፅ ጫፍ 20 አምፒር አካባቢ ይስባል። ከባትሪ እስከ ራዲዮው 5 ሜትር ከሆነ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ነው። 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ 0.9 ቮልት ገደማ ይጠፋል፣ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ላይ 0.35። በቀጭኑ ሽቦ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ይበራል፣ ሲያስተላልፉ ድምፁ ይንተባተባል፣ ሰው ራዲዮው ተበላሸ ይላል። ሽቦው በቀጥታ ከባትሪ ይነሣ እንጂ ከሲጋራ መለኮሻ አይሁን፤ ፊዩዙም ከባትሪው ተርሚናል ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ይቀመጥ። አብዛኛው ላንድክሩዘርና ፒክአፕ 12 ቮልት ነው። ሲኖትራክና አይሱዙ 24 ናቸው፤ እነሱ ላይ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መጥለፍ አንዱን ባትሪ ያሟጥጠዋል፣ ሌላውን ከልክ በላይ ያስሞላዋል። ከ24 ወደ 12 የሚለውጥ ኮንቨርተር ግዙ፤ ለኤችኤፍ 30 አምፒር፣ ለባለ 25 ዋት ቪኤችኤፍ 15 አምፒር። ርካሹ ኮንቨርተር ኤችኤፍ ላይ ጩኸት ስለሚያመጣ በራዲዮው ሳትሞክሩት አትክፈሉ።

ክረምት ላይ ማታ ማታ የመብረቅ ጩኸት ኤችኤፍን ይረብሻል። ይህን የሚያስቀር መሣሪያ የለም፤ አስፈላጊውን መልእክት ከሰዓት በፊት መላክ ነው።

በመንገድ ስንመድበው

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴና ሐይቅ፣ ከወልድያ እስከ ቆቦ ለሚመላለስ፦ ቪኤችኤፍ ከሪፒተር ጋር፣ ያለ ምንም ማመንታት። ሞባይል የማይይዝባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መስማቱ ግን ስልክ የማይሰጠው ጥቅም ነው። መካነ ሰላም፣ አጅባር፣ ወገል ጤና፣ ከጋሸና ላሊበላ፣ የአቡነ ዮሴፍ ግርጌ፦ ኤችኤፍ፣ ከታጠፈ ዘንግና ከሽቦ ዳይፖል ጋር። ባቲና ሚሌ መስመርም ኤችኤፍ ነው፤ ግን ራዲዮውን ከመቀመጫ ሥር ጨርቅ ላይ አታስቀምጡት፣ አየር ይግባው፣ አለበለዚያ በሙቀት ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል። ሁለቱንም የሚፈልገው አምቡላንስ ነው። የአንድ ኤችኤፍ ከነአንቴናው ዋጋ የቪኤችኤፍን ብዙ እጥፍ ስለሆነ ለሁሉም መኪና ከመግጠም ወደ ሩቅ ለሚወጡት ብቻ መግጠም ያዋጣል። የሳተላይት ስልክ ለብቻዋ ለምትሄድ መኪና ጥሩ ተጠባባቂ ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ግን ችግር ያመጣል፣ ገደል ውስጥም ሰማዩ ይጠበዋል።

ከጦር ሠራዊት የተረፈው

ሩሲያ ሠራሹ አር-123 በቲ-55 እና ቲ-62 ታንኮች ውስጥ የነበረ ነው። ከ20 እስከ 51.5 ሜጋኸርዝ ይሠራል፣ 26 ቮልትና የራሱ የኃይል ሣጥን ይፈልጋል። ተተኪው አር-173 ከ30 እስከ 76 ሜጋኸርዝ ነው፣ አሥር የተቀመጡ ቻናሎች አሉት። አሜሪካ ሠራሹ የቪአርሲ-12 ቤተሰብ፣ ከነአርቲ-524፣ ከ30 እስከ 75.95 ሜጋኸርዝ በ920 ቻናል፣ በ35 ዋት ይሠራል። ሲንጋርስ እስከ 87.975 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ 2,320 ቻናል አለው፣ በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ፍሪኩዌንሲ እየዘለለ ይናገራል።

እውነት ነው፣ አይሰበሩም። ግን አንዳቸውም ከ136 ሜጋኸርዝ በላይ ካለው ከእናንተ ቪኤችኤፍ ጋር አይነጋገሩም። ቻናላቸው ሰፊ ነው፣ 24 ቮልት ይፈልጋሉ፣ አንቴናቸው ትልቅ ነው፣ ማይክና ኬብላቸው ሌላ ነው። በዚያ ላይ ጉምሩክ ላይ እንደ ወታደራዊ ዕቃ ይያዛሉ። ለሙዚየም ወይም ለሰብሳቢ ካልሆነ በቀር አንድም ምክንያት አናይም። ጸጥታው በተናጋበት ጊዜ በሲቪል መኪና ላይ የወታደር ራዲዮ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ወሎ ላይ ለሚነዳ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ፍሪኩዌንሲ መዝለልና ምስጠራ በአንዳንድ የሲቪል ኤችኤፍም ላይ በተጨማሪ ክፍያ ይቀርባሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጃመር (ሆን ብሎ ጩኸት የሚያስተላልፍ አፋኝ መሣሪያ) የሚያጠቃው የሚናገረውን ሳይሆን የሚሰማውን ነው። አድማጩ ጋ የሚደርሰው ጩኸት ከሚፈልገው ድምፅ ከበለጠ አይሰማም። የሚዘልል ራዲዮ ጃመሩ ኃይሉን ብዙ ቻናል ላይ እንዲበትን ያስገድደዋል። በምላሹ ግን ሁሉም ራዲዮዎች አንድ ዓይነት ቁልፍ፣ አንድ ዓይነት የቻናል ዝርዝርና አንድ ሰዓት ሊኖራቸው ይገባል፤ የአንዱ ሰዓት ከሸሸ ከመረቡ ይወጣል። የቆየው ራዲዮአችሁም ሊገባበት አይችልም። ለአምቡላንስና ለእህል ጫኝ ይህ ያለ ጥቅም የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ ፈቃዱም ሌላ ጣጣ ነው። ጃመር መግዛትማ ወንጀል መግዛት ነው።

«ጃም ተደረግን» ከማለት በፊት መኪናውን መርምሩ። ሞተሩ ሲነሣ የሚጀምርና ነዳጅ ሲሰጠው የሚያፏጭ ከሆነ ዲናሞው ነው። ሞተር ጠፍቶም ካለ የኤልኢዲ መብራቱን፣ የዳሽ ካሜራውንና የስልክ ቻርጀሩን አንድ በአንድ ንቀሉ። ሁሉም ተነቅሎ አሁንም ካለ መኪናውን 200 ሜትር አንቀሳቅሱት፤ ከቀነሰ ምንጩ የመብራት መስመር ወይም የሰው ቤት ነው። ጥፋተኛው ሽቦ ላይ ፌራይት ቀለበት መግጠም ብዙውን ይፈታል።

ከአውሮፕላን ጋር መነጋገር የሚፈልግም ይጠይቃል። አይቻልም። የሲቪል አውሮፕላን፣ ኮምቦልቻና ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፈውም፣ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ በኤኤም ነው የሚናገረው። የጦር አውሮፕላን ስኳድሮኖች አብዛኛውን ከ225 እስከ 400 ሜጋኸርዝ በኤኤም ይጠቀማሉ። የመኪናችሁ ራዲዮ ኤፍኤም ነው፤ ሻጩ በሶፍትዌር ከፍቶ ከ136 በታች ቢያወርድላችሁም ሞጁሌሽኑ (ድምፁ ሞገዱ ላይ የሚጫንበት ዘዴ) ስለሚለይ አትግባቡም፤ ማስተላለፉ ደግሞ በረራን የሚያውክ ጥፋት ነው። ለምድርም ለአውሮፕላንም የሚሠሩት ከ30 እስከ 512 ሜጋኸርዝ የሚሸፍኑ ባለብዙ ባንድ የወታደር ራዲዮዎች ናቸው፤ ለሲቪል ገበያ አይደሉም።

ፈቃድ ከግዢ ይቀድማል

ፍሪኩዌንሲ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የመሣሪያውን ሞዴል፣ የቤዙን ቦታ፣ የአንቴና ከፍታ፣ ኃይልና የመኪናዎቹን ዝርዝር አዘጋጁ። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲ፣ ከዚያ ራዲዮ። ቀድሞ የገዛ ሰው ዩኤችኤፍ ይዞ የቪኤችኤፍ ፍሪኩዌንሲ ሲሰጠው ሁለቱም ባዶ ይሆኑበታል። የፈቃዱ ኮፒ በየመኪናው ይቀመጥ፤ ረጅም ዘንግ ያለው መኪና ኬላ ላይ መጠየቁ አይቀርም።

ያገለገለ ስትገዙ

ከድርጅት የወጡ የኮዳን ኤንጂቲ ራዲዮዎች ዛሬም ይሠራሉ፤ ከሚያሳዝን አዲስ ርካሽ ይሻላሉ። ኃይሉን በ50 ኦም ዱሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ የሚገጠም መሞከሪያ) ላይ፣ በፉጨት፣ በ3፣ በ7 እና በ12 ሜጋኸርዝ ለኩ፤ አንዱ ላይ ከወደቀ ፊልተሩ ተቃጥሏል። ዘንጉ ሲስተካከል ሞተሩ እየጮኸ የማይቆም ከሆነ ውሃ ገብቶበታል ወይም መሬቱ ላልቷል። ራዲዮው በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ሻጩ ፊታችሁ ይክፈተው፤ ካልቻለ አትክፈሉ። መቆጣጠሪያ ፊቱን ከራዲዮው የሚያገናኘው ረጅም ኬብል መኖሩን እዩ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው። ቪኤችኤፍ ከሆነ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፦ 136–174 ካላለና 403–470 ካለ ዩኤችኤፍ ነው፤ ፊቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ በመልክ አይለይም። ርካሹ የቻይና ባለሁለት ባንድ ራዲዮ ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ብዙ ማማ ባለበት ከተማ ግን ተቀባዩ በሌሎች ጣቢያዎች ኃይል ይደፈንና አጠገቡ ያለውን መኪና አይሰማም። ከመክፈላችሁ በፊት ደሴ መሀል ላይ አብሩትና 2 ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ይጥራችሁ።